አባቴ ቤቱን ሸጦ ኤአይ ሊያስተምረኝ ነው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ዕድሜዬ 32 ነው። ባለትዳርና የአራት ዓመት ሴት ልጅ እናት ነኝ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ አንድ ባንክ አይቲ ክፍል ገባሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ። ሥራዬ የተቆለፈ ፓስወርድ መክፈት፣ ፕሪንተር ማየት፣ ቅርንጫፎች “ሲስተም የለም” ብለው ሲደውሉ መልስ መስጠት ነው። ከእኔ በኋላ የተቀጠሩ ልጆች አልፈውኝ ሄደዋል።

በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ የትምህርት ኤጀንሲ ጋ ወሰደችኝ። ብዙም ሳይቆዩ እንግሊዝ አገር ካለ ዩኒቨርሲቲ በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የማስተርስ አድሚሽን አመጡልኝ። የአንድ ዓመት ትምህርት ነው። “ከፊል ስኮላርሺፕ” ተብሎ 3 ሺህ ፓውንድ ተቀንሶልኛል፤ የቀረው 19 ሺህ ፓውንድ ነው። ቅድሚያ ክፍያው በዚህ ወር መጨረሻ መግባት አለበት ብለውኛል። ባለቤቴና ልጄም ከሦስት ወር በኋላ እንደሚከተሉኝ ነግረውኛል።

አባቴ ይህን ሲሰማ ቢሾፍቱ ያለውን ቤት እሸጣለሁ ብሎ ተነሣ። ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ግቢው ውስጥ ያሉትን ሰርቪስ ቤቶች አከራይቶ ነው የሚኖረው፤ ጡረታው ብቻውን አይበቃውም። “እኔ ያልደረስኩበት ትደርሺያለሽ” ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ምንም አላለም። ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ የአቅሜን እሞላለሁ ብላለች። ባለቤቴን ስጠይቀው “አንቺ ካመንሽበት ይሁን” ይላል። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል።

ለማንም ያልነገርኩት ነገርም አለ። ሒሳብ ረስቻለሁ። የሒሳብ አስተማሪ ልጅ ሆኜ ማትሪክስ ሲባል ሆዴ ይሸበራል። ደግሞስ ተምሬ ስጨርስ ኤአይ ራሱ ሥራችንን ወስዶ ቢጠብቀኝስ? እውነቱን ለመናገር ትምህርቱን እንደምፈልገውም እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቴሌግራም የሚመጡ የደንበኞች ቅሬታዎችን በዓይነት በዓይነት እንድለይ ታዝዤ ነበር። በእጅ የሚያልቅ አልሆነም። ማታ ማታ ቤት ውስጥ ለዚያ የሚሆን ትንሽ ኮድ መጻፍ ጀመርኩ። “ገንዘቤ አልደረሰም” የሚለውን ሰው በስንት ዓይነት እንደሚጽፈው ቢያዩ! አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አንዱ ደግሞ በስድብ ጀምሮ። ኮዴ ብዙውን ተሳሳተ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁበት። አለቃዬ “ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም” አለኝና በዚያው ቀረ።

ልሂድ ወይስ ልቅር?

ሰ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ ሰ.፣

ስለ ቤቱም ስለ ሒሳቡም እንመጣበታለን። መጀመሪያ ግን ጊዜ የማይሰጠውን ልንገርሽ። ባለቤትሽና ልጅሽ ይከተሉሻል የተባልሽው ትክክል አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በክፍል ትምህርት ማስተርስ የሚሠሩ የውጭ ተማሪዎች የትዳር ጓደኛና ልጅ ይዘው እንዳይመጡ ከልክላለች። አሁን ይህ የሚፈቀደው ለዶክትሬትና በምርምር ላይ ለተመሠረቱ ፕሮግራሞች ተማሪዎች፣ እንዲሁም በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለሚማሩ ነው። ያንቺ የአንድ ዓመት የክፍል ትምህርት ነው፤ የሚከፈለውም ከኪስ ነው። ኤጀንሲው ይህን ሳያውቅ ቀርቶም ይሁን እያወቀ፣ ላንቺ ውጤቱ ያው ነው። ደንቡ በእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ተጽፏል። ገብተሽ ራስሽ አንብቢው።

እንግዲህ ባለቤትሽ “ይሁን” ያለው ለየትኛው ጉዞ ነው? ከሦስት ወር በኋላ አብሮ ለሚሄድበት ነው ወይስ ልጁን ብቻውን ይዞ ለሚከርምበት? ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀውም። “አንቺ ካመንሽበት” ብሎ ቴሌቪዥን የሚከፍት ሰው ግድ የሌለው ነው ብዬ አልቸኩልም። ምናልባት “አትሂጂ ብሎ አስቀራት” መባልን ፈርቶ ይሆናል። ምናልባት ደክሞት ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ። ልጅቷ ከተኛች በኋላ ሪሞቱን ከእጁ ቀስ አድርገሽ ውሰጂና አዲሱን ነገር ንገሪው። ከዚያ “እኔ ብሄድ በጣም የሚከብድህ የቱ ነው?” በይው። “ልሂድ ወይስ ልቅር?” ካልሽው ያችኑ “ይሁን” ብሎ ያመልጥሻል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 19 ሺህ ፓውንዱ የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው። ቪዛ ስትጠይቂ እስከ 9 ወር የሚሆን የመኖሪያ ገንዘብ በባንክ ሂሳብ ውስጥ 28 ተከታታይ ቀናት ተቀምጦ ማሳየት አለብሽ። ከለንደን ውጭ ብትማሪ እንኳ ይህ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ለጤና አገልግሎት ደግሞ በዓመት 776 ፓውንድ አስቀድሞ ይከፈላል። የቪዛ ማመልከቻውና የአውሮፕላን ትኬቱ ሌላ ነው። ቤቱ የሚሸጠው በብር፣ ይህ ሁሉ የሚከፈለው በፓውንድ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን ለባንክ ሠራተኛ አልነግርም። ግማሹን ከፍለሽ ሁለተኛው ክፍያ ሳይደርስ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ፣ ያኔ ምን ይሸጣል?

“ከፊል ስኮላርሺፕ” ስለተባለውም ብዙ አትደሰቺ። መርካቶ ውስጥ “ላንቺ ብዬ ነው” ብሎ ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴ አለ አይደል? እንደዚያ ነው። ከፋይ ተማሪ ለመሳብ ለብዙ አመልካች የሚሰጥ ቅናሽ ነው። ብቃትሽን አይቶ ሙሉ ወጪሽን የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በኤጀንሲ በኩል አይመጣም።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሪ። እንግሊዝ ውስጥ በኤአይ ስም ከሚሰጡት ማስተርሶች አንዳንዶቹ የተዘጋጁት ኮምፒውተር ሳይንስ ላልተማሩ ሰዎች ነው። የታሪክ ወይም የቢዝነስ ምሩቅ ገብቶ ፕሮግራሚንግ ከሀ ሁ የሚጀምርባቸው ናቸው። ለእነሱ ጥሩ ነው። አንቺ ግን ዲግሪሽ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። የምታውቂውን የፓይተን ፕሮግራሚንግ እንደገና ለመማር 19 ሺህ ፓውንድ ትከፍያለሽ? የኮርሶቹን ዝርዝር ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አውጥተሽ እዪ። መግቢያ መስፈርቱ “ማንኛውም ዲግሪ” የሚል ከሆነ ያንቺ ቦታ አይመስለኝም።

ስለ ቤቱ የማስበውን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። እኔ ብሆን አላስሸጥም። አባትሽ የሚሸጡት የወር ገቢያቸውን ነው። አንቺ ከተመረቅሽ በኋላ ቶሎ ሥራ ካላገኘሽ እሳቸው በምን ይኖራሉ? የወንድምሽ ዝምታም ያሳስበኛል። የቤተሰብ ቤት ሲሸጥ ዝም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያውም በልቅሶ ቤት ወይም በሠርግ ዋዜማ። ዛሬ ደውለሽ “አንተስ ምን ታስባለህ?” ብትይው ይሻላል።

አባትሽን ግን “አይሆንም” ብለሽ ብቻ አትመልሻቸው። ያቀረቡልሽ ያላቸውን ሁሉ ነው። እምቢ ስትያቸው “የእኔ አያስፈልጋትም” ብለው ይወስዱታል። የሚሰጡሽ ሌላ ነገር እንዳላቸው ደግሞ ደብዳቤሽ ራሱ ይናገራል። ማትሪክስ ትፈሪያለሽ፤ አባትሽ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅሽን ይዘሽ ቢሾፍቱ ውረጂ። ልጅቷ ግቢ ውስጥ ትጫወት፤ እናንተ ቬክተርና ማትሪክስ ላይ ቁጭ በሉ። ሊኒየር አልጀብራን (የቬክተርና የማትሪክስ ሒሳብን) የሚያህል ለዚህ መስክ የሚጠቅም ነገር ጥቂት ነው። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበሩትን የጊልበርት ስትራንግን የቪዲዮ ትምህርቶች በነጻ አስቀምጧል። ሰውየው ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይዘው ነው የሚያስተምሩት፤ አባትሽ የሚወዷቸው ይመስለኛል። ፕሮባቢሊቲውን ከዚያ ቀጥሉ። ካልኩለስ ላይ ዴሪቬቲቭና ቼይን ሩል ከገባሽ ለመነሻ ይበቃሻል። ሞዴል፣ ማለትም ከዳታ የሚማር ፕሮግራም፣ ከስህተቱ የሚማረው በዚያ ነው።

ትምህርቱን በእርግጥ እንደምፈልገው አላውቅም ብለሻል። ወር ሙሉ ስትጨነቂ ከከረምሽባቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ዋናው ይመስለኛል፤ አንቺ ግን ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ደበቅሽው።

እስቲ ይህን ለራስሽ መልሺ። ባንኩ ነገ ጠርቶ የተሻለ የሥራ መደብ ቢሰጥሽ፣ ይህን ማስተርስ ትፈልጊው ነበር? “አልፈልገውም” ካልሽ የሚያስፈልግሽ ሌላ ሥራ ነው፤ ለእሱ እንግሊዝ ድረስ አያስኬድም። “ቢሆንም እፈልገዋለሁ” ካልሽ ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው ያደላሁት በቴሌግራም ቅሬታዎቹ ምክንያት ነው። ስለ እንግሊዝ ስትጽፊ የኤጀንሲውን ቃል ነው የምትደግሚው። ስለ ቅሬታዎቹ ስትጽፊ ግን ሳቅሽ ይሰማል። ኮዱ ተሳስቶ እንቅልፍ አጣሁ አልሽ እንጂ ሰለቸኝ አላልሽም።

ምክንያቱም የዚህ ትምህርት ውስጡ እሱ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሮቦትና ቻትጂፒቲ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ብዙው ቀን የሚያልቀው ዳታ በማጽዳት፣ ያልገባ የምርምር ጽሑፍ መልሶ በማንበብ፣ ሌሊቱን ሲሠለጥን ያደረ ሞዴል ጠዋት ብሶበት በማግኘት ነው። አንዱን ቃል በሀም በሐም በኀም የሚጽፍ ሕዝብ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚልክ ደንበኛ፣ ይህ ሁሉ አንቺ ስሙን ሳታውቂው የገባሽበት የምርምር ርዕስ ነው።

ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት ጥቂት ወር ሞክሪው። የባንኩን ቅሬታዎች ግን አትንኪ። የደንበኛ መረጃ ነው፤ ቤት መውሰድ ችግር ያመጣብሻል። በነጻ የተለቀቀ ዳታ አለ። አፍሪሴንቲ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ስብስብ በ14 የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ትዊቶችን ይዟል፤ አዎንታዊ፣ አሉታዊና ገለልተኛ ተብለው ተለይተዋል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ አሉበት። ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ስብስብ ያዘጋጀው ማሳካነር ደግሞ የሰውና የቦታ ስሞች የተለዩበት የአማርኛ ጽሑፍ አለው። ከባድ ኮምፒውተር መግዛት የለብሽም፤ በኢንተርኔት ኮድ የሚሠራበት ጎግል ኮላብ ላይ በነጻ መጀመር ይቻላል። መብራትና ኔትወርክ ሲፈቅዱ፣ እንግዲህ። አንድ ትንሽ ሞዴል አሠልጥኚ። የት የት እንደሚሳሳት ጻፊ። ያ ጽሑፍ በኋላ ስታመለክቺ ከማንኛውም ሰርተፍኬት በላይ ይናገርልሻል። ከወራት በኋላም ማታ ማታ ኮምፒውተሩን ለመክፈት የምትቸኩይ ከሆነ መልስሽን አግኝተሻል። ለመክፈት ከከበደሽም መልስ ነው፤ ደግሞ ርካሽ መልስ።

ኤአይ ሥራችንን ቢወስደውስ ላልሽው፣ ፓስወርድ መክፈቱን ሊወስደው ይችላል። እሱን ብታጪ የምታዝኚ አልመሰለኝም። አማርኛ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ገና በጣም ጥቂት ነው።

ትምህርቱን ትፈልጊዋለሽ እንበልና መንገዶቹን እንያቸው።

አገር ውስጥ መማር ለምን ከዝርዝርሽ እንደጠፋ አልገባኝም። አምስት ኪሎ ቀድሞ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኮሌጅ አለ። ቂሊንጦ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አዳማም እንዲሁ። ለመግባት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ ያስፈልጋል። ሄደሽ ጠይቂ። ስትጠይቂ ግን “ክፍያው ስንት ነው?” ብለሽ ብቻ አትመለሺ። የመመረቂያ ጽሑፌን ማን ያማክረኛል? እሱ ወይም እሷ ስንት ተማሪ ይዘዋል? በቋንቋ ላይ የሚሠራ መምህር አለ? ሞዴል የምናሠለጥንበት ጂፒዩ የሚባለው ኃይለኛ ቺፕ አለ ወይስ ሁሉም በየራሱ ነው? ማስተርስ ጀምረው ጽሑፉ ላይ ለዓመታት ተንጠልጥለው የቀሩ ሰዎች ታውቂያለሽ፤ ብዙዎቹ የቀሩት አማካሪ አጥተው ነው። ከተመረቁ ልጆች አንድ ሁለቱን ቡና ጋብዘሽ ብታናግሪ ከብሮሹሩ የበለጠ ትሰሚያለሽ። ባንክሽም ለሠራተኛ የትምህርት ድጋፍ ካለው የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂ፤ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንደሚያስፈርም ግን አንብበሽ ነው።

በሥራሽ ላይ ሆነሽ የምትማሪው ሌላ መንገድ የኦንላይን ማስተርስ ነው። የአሜሪካው የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በኦንላይን ይሰጣል፤ ሙሉው ከ10 ሺህ ዶላር በታች ነው፣ ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ እንዲማር ማድረግ) ላይ ማተኮር ይቻላል። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ደግሞ በኤአይ ራሱ በ10 ሺህ ዶላር የሚሰጥ የኦንላይን ማስተርስ አለው። ክፍያው በየተመዘገብሽበት ኮርስ ስለሆነ በአንዴ አይጠየቅም። ይህ ለአክስትሽ የሚመጥን ሸክም ነው፤ እሷ እዚያው በዶላር ነው የምትከፍለው። “የአቅሜን” ያለችው በሴሚስተር ስንት እንደሆነ ሳታፍሪ ጠይቂያት። ትምህርቱ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ከሥራ መልስ ልጅ አስተኝቶ አሳይመንት መሥራት ነው። ከመመዝገብሽ በፊትም የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለኦንላይን ዲግሪ አቻ ግምት ስለመስጠቱ በጽሑፍ መልስ አግኚ።

መውጣት ካለብሽ ደግሞ ሌላ ሰው እየከፈለልሽ ውጪ። ኪጋሊ የአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ቅርንጫፍ አለ። የኢንጂነሪንግ ኤአይ ማስተርስ አለው፤ ማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ላላት እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በ2019 የተቋቋመ፣ ከጅምሩ በኤአይ ላይ ያተኮረ መሐመድ ቢን ዛይድ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ለሚቀበላቸው ተማሪዎች ክፍያውን ሸፍኖ የወር አበል ሲሰጥ ቆይቷል። ፉክክሩ ግን ከባድ ነው፤ ሒሳብሽን ሳታድሺ አትሞክሪው። አውሮፓ የኢራስመስ ሙንዱስ የጋራ ማስተርሶች ስኮላርሺፑን ላገኘ ተማሪ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣሉ፤ አብዛኞቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። “ጀርመን ነጻ ነው” የሚልሽም አይጠፋም። በብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ነገር ግን ለቪዛ ወደ 12 ሺህ ዩሮ በዝግ ሂሳብ ማስቀመጥ ይጠየቃል። ለማመልከቻ እገዛ፣ አዲስ አበባ ያደጉት የኤአይ ተመራማሪዎች ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ እ.ኤ.አ. በ2017 የመሠረቱት ብላክ ኢን ኤአይ የተባለ ድርጅት ለድኅረ ምረቃ አመልካቾች ምክር የሚሰጥ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ገጻቸውን ተመልከቺ።

ከእነዚህ የቱን ትመርጫለሽ ብትይኝ፣ እኔ የማደላው በዚህ ዓመት ቤትሽ ሆነሽ ሒሳቡንና ያችን ትንሽ ሞዴል ሠርተሽ፣ በሚቀጥለው ዙር ለአገር ውስጥና ለኪጋሊ ጎን ለጎን ወደማመልከቱ ነው። ሁለቱም ከተገኙ ያኔ ከባለቤትሽ ጋር ትመርጣላችሁ። የእንግሊዝኛ ፈተናውን ግን አሁን ተሽቀዳድመሽ አትውሰጂ፤ አይኤልቲኤስ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው።

ለኤጀንሲው ዛሬውኑ በጽሑፍ መልእክት ላኪ፤ በስልክ አይሆንም። “ባለቤቴና ልጄ በዚህ ፕሮግራም የሚከተሉኝ በየትኛው ደንብ ነው? ቪዛ ብከለከል ቅድሚያ ክፍያው በስንት ቀን ይመለሳል? ስንት ተቆርጦ?” ብለሽ ጠይቂ። ለዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ቢሮም ያንኑ ጥያቄ በቀጥታ ላኪ፤ አድራሻውን ኤጀንሲው ከሚሰጥሽ ወረቀት ሳይሆን ከራሱ ድረ ገጽ ውሰጂ። መልሱ በእጅሽ እስኪገባ አንድ ብር አትክፈይ። ለ“ፕሮሰስ” ብለው እስካሁን የተቀበሉሽ ካለም ደረሰኙን አትጣይው።